ሁለተኛው ወንበር

ኦርሁስ ከተማ፣ ከመድረኩ ጥግ፣ ከኋላው መደዳ፣
ከቫዮሊኖቹ ማዶ፣ ከከበሮው ጓዳ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሱኒቫ ጎን ተቀመጥኩ፤
እሷ አንደኛ ትሮምቦን፣ እኔ ሁለተኛ ነበርኩ።

የእኛ ሥራ መቁጠር ነው፤
አራት መቶ ምት ዝም ብሎ አንድ ድምፅ መንፋት ነው።
አንዳንዱ ሲምፎኒ እስኪያልቅ ሦስት ክፍሉ
ትሮምቦኖች እንደ ዕቁብተኛ ዕጣ ይጠብቃሉ።
በዚያ ቆጠራ መሃል፣ ከንፈሯ ሳይነቃነቅ፣
ልጅነቷን ነገረችኝ፣ መሪው እንዳያውቅ።

«ክላክስቪክ ነው አገሬ፤ ፊቱም ጀርባውም ባሕር፤
አባቴ የመርከብ ሞተር ሲፈታ ሲያስር።
ሬጊን የሚባል ነበር፣ ቀን ቀን ቧንቧ ጠጋኝ፣
ማታ የባንድ መሪ፤ ትሮምቦን እሱ ሰጠኝ።
ቁልፍ የለው፣ ቀዳዳ የለው፤
የት እንደሚቆም ክንድ ብቻ ነው የሚያውቀው።
ሰባት ዓመቴ ነው፤ ቱቦው ረጅም፣
ሰባተኛው ቦታ ላይ እጄ አይደርስም።
አንድ ስንዝር ቀረኝ።
ታዲያ ያ ቧንቧ ሠሪ የዓሣ ማጥመጃ ክር አምጥቶ፣
አንዱን ጫፍ ከቱቦው አስሮ፣ አንዱን ለጣቴ ሰጥቶ፣
‹ወርውሪው› አለኝ፣ ‹ድምፁ ሲደርስ ጎትተሽ መልሽው፤
ዓሣም ዜማም ያው ነው።›»

ሳቅኩኝ። በሳቄ ምክንያት
መግቢያችን አለፈን፣ በሁለት ምት።
መሪው በዓይኑ ገደለን።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ከወንበሯ ተነሳች፤
ሄዳ ከፊት ለፊት ብቻዋን ቆመች።
ብቻውን የቆመ ትሮምቦን ማን ያውቃል? ሰው የለመደው
ቀብር ላይ፣ ሰልፍ ላይ፣ ወይ ሰርከስ ቤት ሲያስቅ ነው።
ብሬመን ላይ አርባ ሰው፣ ግራትስ ላይ ዘጠና፤
(ግራትስ ስሟን በፖስተሩ አሳስተው ጻፉትና
እንደ ወንድ «ሄር» ብለው ጠሯት፣ ሳቀች)፤
ሮተርዳም ላይ ግን አዳራሹን ሞላች።
ካርድ ላከችልኝ፦ «አንድ ምት ዝም አላልኩም ዛሬ ማታ፤
ትንፋሼን በተንኩት፣ እንደ ሰካራም ደሞዝ፣ ያለ ፋታ።»

ከዚያ ሊዮን ላይ፣ ልምምድ መሃል፣ በጠራራ ቀን፣
ከላይ ምንም ሳይታይ ከንፈሯ ተቀደደ፣ ከውስጥ፣ ጡንቻው ብቻውን።
ሙዚቀኛው ሁሉ ከንፈር መጠጠላት፤
እሷ ግን የሚመጠጥ ከንፈር አልነበራት።
ሐኪሙ ስድስት ወር አለ፤ አሥራ አራት ወር ከረመ፤
ትሮምቦኑ በሳጥኑ፣ እንደ ታማሚ ተጋደመ።

በመርከብ ሄጄ ጠየቅኋት፣ ብርቱካን ይዤ።
መብላት እንዳማያስችላት የረሳሁ ጅል ነኝ፣ ብርቱካን ይዤ!
ጠረጴዛው ሙሉ ወረቀት፣ አምስት አምስት መስመር፣ ጥቁር ነጠብጣብ።
«ምን ትሠሪያለሽ?»
«እነፋለሁ» አለች።
«በምንሽ?»
«በወንፊት። አሥራ አንድ ዓመት አብረን የቆጠርነውን ዝምታ
እንደ ዱቄት እነፋለሁ፣ ማታ ማታ፤
ላዩ ላይ የቀረውን እጽፋለሁ።»

ስትመለስ ያ ላይኛው ድምፅ፣ ሰው የሚያጨበጭብለት፣
አብሯት አልተመለሰም። አልጠበቀችለት።
ወደ ታች ወረደች፤ መልሕቅ የሚውልበት ወለል ድረስ፣
ለዚያ ጥልቀት ጻፈች፣ ለራሷ እንዲደርስ።

የመጀመሪያው ቀን ኦርሁስ ነበር። እሷ ከፊት ቆማ፣
በድሮ ቦታዋ ኤስበን የሚባል ልጅ፣ አዲስ ጫማ የተጫማ፤
እኔ እዚያው ሁለተኛ።
ድርሻዬን ገለጥኩት፦ ሦስት መቶ ዘጠኝ ምት ዝምታ፣
ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ክንድ ተዘርግቶ የሚያልቅበት ቦታ።
ከሥሩ በእርሳስ፣ በዚያ ዘንበል ባለው ጽሕፈቷ፦
«ወርውረው። ክሩ እኔ ጋ ነው።»

ቆጠርኩ።
እንደዚያ ቆጥሬ አላውቅም፤ ጣቴ ጉልበቴ ላይ፣
ኤስበን በጎን ሲያየኝ፣ እኔ እሷን ሳላይ።
ሦስት መቶ ሰባት። ስምንት።
ወረወርኩት።

በኋላ፣ ጭብጨባው አልቆ፣ መብራቱ ሲደበዝዝ፣
ቱቦዬን ዘቅዝቄ ውሃውን አፈሰስኩ።
ምራቅ ይሉታል ሰዎች። አይደለም።
የቀዘቀዘ ትንፋሽ ነው።
ከወንበሬ ሥር ወለሉ ጥቂት ረጥቦ ነበር፤
የጽዳቱ ሰው መጥቶ እስኪወለውለው
ቆሜ አየሁት።