ለሲስተር ዝናሽ

ማታ ነው የሰማሁት፣ ሱቄን ስዘጋጋ፤
ዝውውሯ ወጥቷል፣ ትሄዳለች ሲነጋ።
የስንቱን ሴት ምጥ እያደረች ያየች
እንዴት ባዶ እጇን ከመንዝ ትወጣለች?
ገንዘብ እንደሁ የለኝ፣ ሌሊቱም ሊጋመስ፤
የብጫቂ ጆንያዬን ጎተትሁ፣ መሬት ላይ ይፍሰስ።
ቦርሳ ትሁን፣ አልሁ፣ መነጽር የምትይዝ፤
የቸኮለ መርፌ ከዚህ በላይ አይታዘዝ።

ሰማያዊው ጨርቅ ከጥላዬ ልጅ ሱሪ ተረፈ፤
ልጁ ራሱ በእግሩ መጥቶ፣ በእጇ ተረፈ።
ነጩ የመንታዎቹ ነው፣ የክርስትና፤
መብራት በሌለበት፣ በእጅ ባትሪ የወጡ ናቸውና።

ቢጫዋ የኔ ናት። መዳፍ አትሞላም።
ለማን እንደቀደድኋት ዝናሽ አትረሳም።
ልብሱ ሳያልቅ ነበር…
ዝም ብዬ አስገባኋት፤
ከላይ አይደለም፣ ከውስጥ፣ ትንሽ ኪስ አደረግኋት።

መብራት ሄደ ደግሞ፣ ከወገቡ ስደርስ፤
ቀሪውን በሻማ፣ በእጄ፣ ጣቴን እያሞቅሁ በእስትንፋስ።
ዳሩ ተጣመመ። ዚፕም አጣሁለት፤
ከአሮጌ ካፖርት ነቅዬ ቁልፍ ተከልሁበት።

አውቶቡሱ ሊወጣ ረዳቱ ሲጣራ
በመስኮት አቀበልኋት፣ አንድም ቃል ሳላወራ።
ገለባበጠችው፣ ውስጡን በጣት ዳሰሰች፤
ቢጫዋ ላይ ስትደርስ፣ እጇን ሳታወጣ ቆየች።

አሁን ጣርማበርን ሳታልፍ አትቀርም።
እኔ ተመልሼ መርፌዬን ብፈልግ፣ የለም።
ከነክሩ ሄዷል፣ እዚያው ኪሷ ውስጥ፤
ያለችኝ ደህና መርፌ፣ እሷው ነበረች በውነት።
ዝናሽ፣ ጣትሽን እንዳይወጋሽ፤
ቸኩዬ ነው፣ ክሩን ሳልበጥስ የሰጠሁሽ።