ቀዩን ተዪው

ቀትር ነው። ድሬዳዋ ደጇን ገርበብ አድርጋ ተኝታለች፤
ባጃጅ እንኳ ከኒሙ ሥር አፍንጫዋን ቀብራለች።
እኔ ብቻ፣ ከቀፊራ ጀርባ፣ ወናፌን እየነፋሁ
በሙቀት ላይ ሙቀት ልጨምር ከሰል አቀጣጥያለሁ።

ኢፍቱ የመጣችው ያኔ ነው። መሐረቧን ፈታች፣
ሦስት ጠገራ ብር ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች፤
ቀጥሎም ከጋዜጣ ጥቅል ሁለት ስባሪ መስታወት፣
አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፤ የሙሜ የሌሊት መብራት።

ሙሜን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያላወቀው አልነበረም፤
ለገሃር ከሐዲዱ ዳር ፋኖሱን እያወዛወዘ
ባቡር ሲያስቆም፣ ባቡር ሲያሳልፍ ያድራል።
«አምባር ሥሪልኝ» አለች። ሌላ ቃል የለም።

ብሩን አቀለጥኩት።
የንግሥቲቱን ፊት መጀመሪያ ላብ ላብ አላት፣
ከዚያ ጉንጯ ፈሰሰ፣
ከዚያ ንግሥት የለም።
ቀጠቀጥኩ፣ ሞረድኩ፣ ጫፉን አሾልኩና
ከብረት ሰሌዳው ሰፊ ቀዳዳ ጀመርኩ።
ጉጠቱን በጠፍር ከወገቤ አስሬ
ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር ብሩ ይረዝማል፤
እንዲንሸራተትም ሰም እቀባዋለሁ።
(ባለቅኔ ቢያየኝ፣ ሰሙስ አለ፣ ወርቁ የታለ? ይለኝ ነበር።
ወርቅ የለም ጌታዬ። ብር ነው።)

ሰባተኛው ቀዳዳ ላይ፣ ጧ! ተበጠሰ።
ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቸኩያለሁ።
ብር ሲጎትቱት ልቡ ይደነድናል፣
በየመሐሉ እሳት አሳይተው ካላባበሉት ያኮርፋል።

እንደገና ጀመርኩ። ሁለት ሽቦ እንደ ገመድ ገመድኩ፣
ጫፍና ጫፉን በየድኩ።
ዶቃው ኋላ ነው፤ መስታወት ድንጋጤ አይችልም፣
ዛሬ ደንግጦ የሚሰነጠቀው በሳምንቱ ነው።

«ቀይና አረንጓዴ እያፈራረቅኩ ልሰካው?»
ኢፍቱ ቀዩን ስባሪ በጣቷ ገፋችው።
«ቀዩን ተዪው። እሱ ፋኖስ ይዞ ሲያድር
እኔ ደጅ ቆሜ፣ ከልጅ ራስጌ ቆሜ፣ ከድስት ፊት ቆሜ፣
አርባ ዓመት!
መቆም ጠግቤአለሁ። አረንጓዴውን ብቻ።»
«ለልጅሽ ነው?»
«ለእኔ ነው።»

ጭቃ በቀባሁት ቀጭን ብረት ላይ
አረንጓዴውን እንደ ማር ጠቀለልኩት።
ዘጠኝ ዶቃ። ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብሬ አሳደርኳቸው፤
ጠዋት እንደ ድንች ስቆፍር አንዱ ለሁለት ተከፍሏል።
ስምንት ቀሩ። ከስምንቱ ባንዷ ሆድ ትንሽ አረፋ አለች፤
ስህተት ናት። ተውኳት።

ኢፍቱ አጠለቀችው፣ መንገዱ ዳር ወጣች፣
ክንዷን ዘርግታ እንደ ሙሜ ግራ ቀኝ አወዛወዘች።
ባጃጅ ቆመላት።
ሂድ ብላ አሳይታው፣ ቆመ!
እየሳቀች ገባች፤ ወዴት እንደሆነ አልነገረችኝም።

ቀዩ ስባሪ መስኮቴ ላይ ቀርቷል።
አሥር ሰዓት ግድም ፀሐይ ታልፍበትና
የሥራ እጄን ታቀላዋለች፤
ጉጠቱን አስቀምጬ
ጥቂት እቆማለሁ።