ከማን ማን ይበልጣል

ጦሳ ጉሙን ለቆ ሆጤን ሲሸፍናት፣
ከይማም ስፌት ቤት፣ ቁራጭ ጨርቅ ባለበት፣
በባልዲ ክዳን ላይ ዕጣው ይንከባለላል፤
ሃያ ፊት አለው፤ ክርክሩም ይፈላል።

«ጦረኛ ነው» አለ ይማም፣ መርፌ ነክሶ፣
«ከፊት የሚቀድም ጥሩሩን ለብሶ።»
እንድሪስ ሳቀበት፦ «ጥሩርህን ያዘው፤
አስማተኛ እኮ ሰማዩን ነው 'ሚያዘው!
ዐሥረኛው እርከን ላይ አንተን ከነጋሻህ
አንዲት ቃል ተንፍሶ አመድ ነው 'ሚያረግህ።»
«አንደኛው እርከን ላይ ድመት ገደለችህ፣
በአንድ ጭረት ብቻ! ማን ነበር የቀበረህ?»

ዘሃራ ዝም አለች። እሷ ሌባዋ ናት፤
ወርቃቸው ከደብተር ደብተር ዞረላት።
እኔ ፈዋሽ ነበርኩ፤ ስሜን ማን ሊያነሣ፣
እነሱን ስንት ጊዜ ባነሣም ከሬሳ!

ዘንዶው አፉን ሲከፍት፣
መብራት ጠፋ።

ዕጣው ከክዳኑ ወርዶ የት እንደ ገባ እንጃ፤
ዳበስን በእንብርክክ፣ ጠፋ የእርከን ደረጃ።
«ውይ!» አለ እንድሪስ፣ መርፌ ወግቶት ጣቱን፣
«ፈዋሽ የለም እንዴ?» ረሳው ሙግቱን።
አስማት አልነበረኝም፤ ከቁራጩ ጨርቅ ቀደድኩ፣
በጨለማ ጣቱን ፈልጌ አሰርኩ።

ዕጣው ግን እስከ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም፤
ዘሃራም እንደ ያኔው፣ ዝም።