ሲላላና ሲጠብቅ

ከዚራ፣ ከፖስታ ቤት በር፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣
ጥላሸት አፍልቼ ቀለሜን ስቀምር፣
ማመልከቻ ስጽፍ፣ የብድር ውል ሳስር፣
አንድም ቀን ፊደሌን አልጠረጠርሁ ነበር።

አቶ ወልደሰንበት፣ ፈገግታው ወርቅ ጥርስ፣
ከጅቡቲ አስጭኖ ሰባ ሣጥን ጠርሙስ፣
ባዶውን በባቡር አሻግሮ በረሃ፣
መሙያው ግን ከጓሮው፦ ስኳር፣ እሬት፣ ውኃ፣
ትንሽም አረቄ፣ ደረት የሚያሞቅ፣
ጠጪው “ያዘኝ” እንዲል፣ ሆዱ ሙቀት እንዲያውቅ።

“የአንበሳ ወዝ” አለው። አንበሳ ሣልሁበት፤
ጎፈሩን በቀይ ቀለም አጎፈርሁለት።
ከሥር እንዲህ አልሁ፣ እሱ እንዳስጻፈኝ፦
“ከወባ፣ ከኪንታሮት፣ ከምች፣ ከቁርጥማት፣
ከሾተላይ፣ ከቡዳ፣ ከድንጋጤ ምታት፣
የአንበሳ ወዝ ሰውን ከሥሩ ያድናል።”
ላንዱ አሥር ሳንቲም ነው፤ እጄን ምን ገዶታል?
ሦስት ሺህ ጊዜ ጻፍሁት፤ ያድናል፣ ያድናል፣
ፊደል ሲደጋገም ከጣት ይንሸራተታል።

የሮብሌ ልጅ ጉሌድ፣ የፍሬን ያዡ ልጅ፣
ስምንት ዓመቱ ነው፣
በመስከረም ማብቂያ ወባ አንዘፈዘፈው።
እናቱ ደሃቦ ያንገቷን ብር ሸጣ
ሦስት ጠርሙስ ገዛች። ሦስቱንም ልጁ ጠጣ።
ድሬሰሩ ዘንድ ኪኒን በነጻ ይሰጥ ነበር፣
ከደቻቱ ማዶ፣ በዚያ በሰማያዊው በር፤
አንበሳው ግን ቀረባት። አንበሳው ያምር ነበር።

ችሎት በቆመ ለት፣
ድሬሰር አጥናፍሰገድ ቃሉን ሰጠ ባጭሩ፦
“ከዚህ ውስጥ መድኃኒት የለም፤ ያለው ስኳሩ።”
ጠበቃው ተነሣ፣ ከሐረር የመጣ፣
ድምፁ ማር የቀባ፣ ለሰዓት ያልተቆጣ፦
“ጌታዬ፣ ሎሚ ሻጭ ‘ሎሚዬ ደርቋል’ ይላል?
ማዳን የፈጣሪ፣ ማሞገስ የነጋዴው ሆኗል።
ደንበኛዬ ያምናል፤ ራሱም ጠጥቷል፤
ያመነ ሰው ደግሞ እንዴት አታለለ ይባላል?”

ዝም አልን። ዝንቦቹ ብቻ
በኤግዚቢቱ አፍ ላይ ለስኳሩ መሰከሩ።
ዐቃቤ ሕጉ እንኳ ወረቀቱን አገላበጠ፣
አንቀጽ የጠፋው ሰው እንደሚያገላብጠው።

“ጸሐፊ፣ እጅህ ነው? እስቲ አንብብልን” አለ ዳኛው።

ጠርሙሱን ተቀበልሁ። ከፊቴ ደሃቦ፣
ሻሿን ያለ ምክንያት ደጋግማ የምታጥፍ።
“ከወባ” ስል ድምፄ ደኅና ነበር፤
“ሰውን” ስልም ደኅና፤
ያቺ ቃል ዘንድ ደርሼ፣ በለመድሁት ላልፋት፣
ምላሴ ድ ላይ ቆማ አልላላም አለች፤
ጠበቀች።

ሲላላ የሚፈውስ፣ ሲጠብቅ የሚገድል፣
ያው ቀለም፣ ያው ጽሕፈት፣ ያው አራት ፊደል!
“ሰውን ያድናል” አልሁ፣
ጥይት ጎርሶ ከዱር እንዳደረ አዳኝ፣
ድኩላ እንደሚያድን።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሳቁን ሳይጨርሰው ተወው።
ጠበቃው ዘለለ፦ “ይላላ! ጌታዬ፣ ቃሉ ይላላ!”
ዳኛው መነጽሩን አወለቀ፣
ዓይኑን በመሐረቡ ጠረገ፣
“ይጥበቅ” አለ። “እንደ ተነበበው ይመዝገብ።”

ሁለት መቶ ብር መቀጮ። የቀረው ወዝ ይፈስ።
ደቻቱ አሸዋው ላይ ሲደፋ አየሁት፤
ወንዙ ከጥማቱ አልዳነም።
ባዶውን ጠርሙስ ልጆች ለላምባ ለቀሙት።
ወልደሰንበት በሳምንቱ
እዚያው ሱቅ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣
ሽቶ ይሸጥ ጀመር። መለያ እንድጽፍለትም ላከብኝ።

ከጥላዬ ሥር አንድ ቀን ደሃቦ መጣች፣
በእጇ ከጠርሙስ የተላጠ ወረቀት።
አማርኛ አታነብም።
“የትኛዋ ናት?” አለችኝ።
ጣቴን አኖርሁባት።

አውራ ጣቷን በምራቋ አረጠበች፣
ፈተገች። ደግማ ፈተገች።
አንበሳው ለቀቀ፤ ጎፈሩ ጣቷን አቀላው።
ጥቁሩ ግን የእኔ ነው፣ ራሴ ያፈላሁት፤
ጥሩ ቀለም ነው፤
አልለቀቀላትም።