ጥሬ ውጤት

ሄርማታ ገበያ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ያረጀ ስክሪን፣
ይኸው ነው ሱቄ። ዓመቱን በሙሉ
ውል አባዛለሁ፣ ካርታ፣ መታወቂያ፣
ሰው ገብቶ ይወጣል ሳያየኝ፣ እንደ ገበያ።
ውጤት ሲለቀቅ ግን ሰልፉ ይጠመጠማል፣
ዝናቡም ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ አብሮ ይሰለፋል።

ቁጥሩን ይሰጡኝና ፊቴን ነው የሚያዩት፣
ስክሪኑ ወደ እኔ ነው፣ ከግንባሬ ነው የሚያነቡት።
ስለዚህ ግንባሬን አሠለጠንኩት፤
ከፍ ያለም ቢሆን፣ ዝቅ ያለም ቢሆን፣
እንደ ባንክ መስኮት አደረግኩት።

በእኛ ጊዜ ውጤት ግድግዳ ላይ ነበር፣
ከወንፊት ሽቦ ሥር፣ በአራት ምስማር።
የጅማ ዝናብ ግን ቀድሞን ገብቶ አንብቦ፣
የእኔን መስመር ብቻ ሄደ ቀለሙን አጥቦ።
ሦስት ቀን አላለፍኩም፣ ሦስት ቀን አልወደቅኩም፣
እናቴ "እንዴት ሆነ?" ስትል አልዋሸሁም።
ዛሬ ሳሰላው፣ ከዕድሜዬ ሁሉ
እነዚያ ሦስት ቀኖች ነበሩ ሙሉ።
በአራተኛው ቀን አዲስ ወረቀት ተለጠፈ።
የሆነው ሆነ። ይኸው፣ ሱቅ ተከፈተ።

ዛሬ አንዲት ሴት መጣች፣ ዙበይዳ፣ ከሰቃ፣
ኮረሪማ ሻጭ ናት፣ ጣሳዋን በሻሽ ቋጥራ ታጥቃ።
ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ከጓዳ አልወጣችም፤
"አንቺው እዪልኝ" ብላ ቁጥሩን
እናቷ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው።
መንገድ ላይ ዝናቡ ደረሰበት። የመጨረሻዋ አኃዝ
ሦስት ትሁን ስምንት መለየት አቃተኝ።

ሦስትን ሞከርኩ። አድማሱ የሚባል ልጅ ወጣ፣ ከቦንጋ።
"የሌላ ሰው ነው" አልኳት።
"ምን አመጣ?"
"የሰው ምስጢር ነው፣ እማማ።"
"ደህና ከሆነ እናቱን ደስ ይበላት፤
ካልሆነም..." የቀረውን በእጇ ጨረሰችው።

ስምንትን ነካሁ። ነኢማ አባ ዲጋ።
አራት መቶ ስድሳ አንድ።
"ከስንት?" አለች ወዲያው። ነጋዴ ነች።
"ጥሬው አይደለም ይሄ፤ የተመዛዘነው ነው።
ዘንድሮ የከበደው፣ አምና የቀለለው
እኩል እንዲሆን ተብሎ... በአጭሩ፣
ከመቶ ልጅ ሰባውን ትበልጣለች ማለት ነው።"
"ሰባዎቹ የማን ልጆች ናቸው?"
"አይታወቅም።"
"እንኳንም አላወቅኋቸው፤
ሐሙስ ገበያ ብንገናኝ በምን ፊቴ አያቸዋለሁ?"

ጣሳዋን ፈታች። ኮረሪማዋን ሞላች፣
ከአፉ በላይ ጉልላት እስኪሠራ ቆለለች።
"ጥሬው እንዲህ ነው?"
አዎ አልኳት።
በመዳፏ፣ በዚያው ቁጥሩ በተጻፈበት፣
ጠርዙን ጠረገችው።
"የተመዛዘነውስ እንዲህ?"
ዝም አልኩ።
ጠረጴዛዬ ላይ የፈሰሰውን እያየች፣
"ልጄ፣ ይሄኛውስ የማን ነው?"

መልስ አልነበረኝም። መቁረጫውም ገና አልተነገረም፤
ትለፍ አትለፍ ማሽኑም እኔም አናውቅም።

ስክሪኑን አዞርኩላት፣ በአሥር ዓመት ሥራዬ
ለማንም ያላዞርኩትን። ፊደል አትለይም፤
"ስሟ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ።
አሳየኋት። ቁጥሩን ዘልላ ስሙን ዳበሰችው፣
እንደ ተኛ ሕፃን ጉንጭ፣ እንዳይነቃ።

መብራት ሄደ። ሰልፉ አጉረመረመ።
በጠቆረው መስታወት ውስጥ ሁለት ፊት ቀረ፣
የእሷና የእኔ፤ ግንባሬን አሁን
ያልተማረም ያነበዋል።

"ስንት ነው ሒሳቡ?"
"አሥር ብር።"
ብሩን አስቀመጠች፤ ከጎኑ አንድ ጣሳ ኮረሪማ፣
ከነጉልላቱ፣
ሳትጠርገው።