በውሃ ልክ መዝገብ ጠርዝ ላይ

ኅዳር ሲጋመስ ነው፤ መራዊ ጉም ለብሳ፣
ቆጋን ለመለካት ጎህ ሳይቀድ ስነሳ፣
ዘንጉን አነበብሁት፦ ሦስት ሜትር ከሃያ።
ቀና ስል ጨፌው ላይ፣ ከፊላው ወዲያ፣
የሽመላ መንጋ፣ አመድማው፣ የማውቀው፣
በያመቱ መጥቶ ቃርሚያ የሚለቅመው።
እሱን ስቆጥር ነው ሁለቱ የመጡ፣
በቁመት፣ ባንገት ንጣት፣ ከመንጋው የበለጡ።

እጄ ተንቀጠቀጠ።
ደስታ አልነበረም፤
ፍርሃት ነው።

ካቻምና ባሕር ዳር ሁለት ቀን ሠልጥኜ፣
«ብርቅ ካየህ ጻፍ» ሲሉኝ፣ አምኜ፣ ተማምኜ፣
በወሩ ጻፍሁና «እንግዳ ወፍ አየሁ»፣
ባለ መኪናዎቹን እየመራሁ ሄድሁ።
ለካ ይብራ ኖሯል፣ ጭቃ የተቀባ፤
ሳቁና ተመለሱ፤ ስሜ ገበያ ገባ።
«አባ ብርቁ» አሉኝ ከወፍጮ እስከ ጠላ ቤት፤
እንቁላል ሻጭ እንኳ፣ «ብርቅ እንቁላል ነው፣ ተመልከት!»

ስለዚህ ዘንድሮ ዓይኔን አላመንሁትም፤
የሩቅ መነጽሬም አንድ ዓይኑ አያይም።
በደኅናው ዓይኑ ግን፣ ትንፋሼን ውጬ፣
አንድ ሰዓት አየሁ ፊላ ውስጥ ተቀምጬ።

ያየሁትን ጻፍሁ፦
አንገቱ ነጭ ነው፣ እስከ ደረቱ ድረስ።
ፊቱ ላይ ቀይ አለ፣ ከመንቁሩ ሥር።
ካገጩ ሁለት ቆዳ ተንጠልጥሏል፣
ፍየል አንገት ላይ እንዳለው ዓይነት፤ ሲያጎነብስ ይወዛወዛል።
ሲበር አንገቱን ዘርግቶ ነው፤ አላጠፈም።

ያላየሁትንም ጻፍሁ፦
እግሩን አላየሁም፤ ሣር ውስጥ ነበረ።
ድምፁን አልሰማሁም፤ የመስኖው ሞተር ይጮኽ ነበር።
ባልና ሚስት ይሁኑ፣ እህትና ወንድም፣
አላውቅም።
«ስም» በሚለው ሣጥን ምንም አላሰፈርሁም።
ደብተሩ ላይ ያለው የፈረንጅ ነው፤ ምላሴ ላይ ይሰበራል፤
እኛ ደግሞ ሁሉንም «ሽመላ» ብለን ጨርሰናል።

«ሌላ ያየ ሰው አለ?» ይላል ቅጹ።
ምንችል አለ፣ ታንኳ ቀዛፊው፤
እሱ ግን መረቡን ካልቀደደበት ወፍ አያይም።
ልጁ ይታይሽ፣ የሰባተኛ ክፍሏ፣
(ስም ማለት እንዲህ ነው!)
ሳልጠይቃት መጣች፦
«ጋሼ፣ ያ ጉትቻ ያለው ወፍ፣
ትናንት እኛ ጉድባ ዳር ልጁን ይዞ ሲለቅም ነበር።
ልጁ መብረር አይችልም።»
ጉትቻ አለች። እኔ አላልኋትም።
በሁለት ምስክር ነገር ይጸናል፤
ስሟን ከስሜ በላይ ጻፍሁት።

«ቦታ» የሚለው ጋ እጄን ያዝ አደረግሁ፤
«ክንፍ ያላወጣ ልጅ ላስበላ ነው ወይ?» አልሁ።
ወረቀት ከእጅ እጅ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤
ዛሬ ለጠባቂ፣ ነገ ለወጥመደኛ ይደርሳል።
ስለዚህ ለቢሮው በታሸገ ፖስታ
ጻፍሁ ከነርምጃው የጉድባውን ቦታ።
ለገበያው ሰው ግን፣ «አባ ብርቁ፣ ዛሬስ ምን አየህ?» ሲለኝ፣
«ሽመላ ነዋ» አልሁ፣
የጤፍ ዋጋ እንደሚያወራ ሰው።
ሳቁ።
ይሳቁ።

መልስ እስካሁን የለም። ፖስታው ወይ መሳቢያ ውስጥ ነው፣
ወይ ተሳስቶ ዱርቤቴ ወርዷል።
እኔ በየጠዋቱ የውሃውን ልክ ጽፌ፣
ከመስመሩ ውጭ፣ ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ፣
ትንሽ ቁጥር አኖራለሁ።
ተቆጣጣሪው «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።
«የውሃው ነው» አልሁት። ውሸትም አይደል።

ሰኞ፦ ሦስት ሜትር ከሃያ፤ ሁለት።
ማክሰኞ፦ ሦስት ከአሥራ ስምንት፤ አንድ።
ረቡዕ፦ ሦስት ከአሥራ ስድስት፤ ሁለትና ልጅ።
ዛሬ ጉም ነው። ከዘንጉ ወዲያ ምንም አይታይም።
ዜሮ ልጽፍ ብዬ እርሳሴን መለስሁ፤
አላየሁም እንጂ፣ የሉም መቼ አልሁ።