የግድግዳው ላብ

ሲሚንቶ ያለበስኩት እኔው ነኝ፣ አልክድም፤
ከሱቁታት በር ላይ፣ ከቁልቁለቱ ግድም፣
ያባቴን ቤት ግንብ፣ ያን ወፍራም ድንጋይ፣
ጭቃ ያጋባውን፣ ስንት ዝናብ ስንት ፀሐይ
የተፈራረቁበት፣ ክንድ ከስንዝር ወርዱ፣
«አርጅቷል» አልኩና፤ ሰው ምን ይለኛል ሲያልፍ በመንገዱ።

ሃያ ሁለት ከረጢት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ።
ልስኑ ሲጠናቀቅ «አሁን ቤት መሰለ» አሉ
ጎረቤቶች ሁሉ።
አይ መፍቱሃ ብቻ፣ ያባቴ ታላቅ እህት፣
መዳፏን ለጠፈች ከበሩ መቃን ፊት፣
ቆየች።
ከዚያ፦ «አንተ ልጅ፣ አፉን ለምን ደፈንከው?»
ሳቅሁባት። ግድግዳ ምን አፍ አለው?

ሐምሌ ላይ ጀመረ።
ካልጋው ራስጌ በኩል፣ ካርታ የመሰለ
ጠይም ነገር ወጣ፣ በየቀኑ አየለ፤
ጨው አበበበት፣ እንደ አመዳይ ነጣ፤
በጣቴ ሳንኳኳው፣ የባዶ ቅል ድምፅ ወጣ።
ካባቴ መጻሕፍት፣ ከግንቡ ኪስ፣ ከጣቄቱ ውስጥ፣
አንዱን ባነሳው፣ ገጹ ተጣብቆብኝ፣ አቃተኝ መግለጥ።
ፋቅሁት፤ ቀለም ቀባሁ።
በዓመቱ እዚያው ላይ፣ ያንኑ ካርታ አገኘሁ፤
ድንበሩን አስፍቶ።

ግንበኛው ጂብሪል፣ ከፈዲስ መጥቶ፣
መዶሻውን ከጆንያ አውጥቶ፣
አላየም፤ ጆሮውን ግንቡ ላይ አስጠግቶ
መታ፣ መታ፣ መታ።
ልስኑ እንደ ሰሃን ወርዶ ደቀቀ ባንዳፍታ፤
ከጀርባው ጭቃው፣ እንደ ሊጥ ረጥቦ፣
ያለፈው ዓመት ዝናብ፣ ሳይወጣ ተከብቦ።
«ውሃ እንግዳ ነው» አለኝ፣ «መግባቱን አትከለክልም፤
ከጣራ ይመጣል፣ ከመሬት ይመጣል፣
ተኝተህ ከምትተነፍሰው እንኳን ይመጣል፤
ኖራና ጭቃ ግን ሲነጋ ይሸኙታል።
ይሄ ያንተ ሲሚንቶ በስንጥቁ ያስገባል፣
ከዚያ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ይውጠዋል።
መውጫ ያጣ እንግዳ፣ ባለቤት ይሆናል።»

ኖራው ጉድጓድ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከረመ።
ግንቡም እርቃኑን፣ መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ነፋስ ላይ ቆመ።
እኔ ከመሥሪያ ቤት ቴርሞሜትር ተዋስኩ፤
ጣቄቱ ላይ ሰቅዬ፣ ደብተር ላይ መዘገብኩ፦
ቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ ውጭው ሃያ ሰባት፣ ውስጡ ሃያ አንድ።
ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ውጭው አሥራ ሁለት፤
ውስጡ አሁንም ሃያ፣ ያለ ከሰል፣ ያለ እሳት።
የቀትሩ ፀሐይ፣ ድንጋዩን ሲገፋ ውሎ፣
እውስጥ የሚደርሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣
ልክ ብርዱ ሲገባ ነው።
ይህን ማን አሰላው? ክንድ ከስንዝር ብሎ ማን ለካው?
ስሙ ያልተጻፈ ሰው።

የኔማ ስም ተጽፏል፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ንድፍ ወረቀት ላይ፦
ስድስት ፎቅ መስታወት፣ ፊቱን የሰጠ ለምዕራብ ፀሐይ።
ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ያዧ፣ ቤት ውስጥ፣
ጃንጥላ ዘርግታ ብር ትቆጥራለች።
ማቀዝቀዣው ያቃስታል። መብራት የጠፋ ለት
ሠራተኛው በሙሉ፣ ሥራ አስኪያጁም ጭምር፣
ደረጃ ወርዶ ይሰለፋል ከዘበኛው ክፍል በር፤
እሷ የድሮ ናት፣ የድንጋይ፣ የማንም ንድፍ ያልነካት።

ኅዳር ላይ ጂብሪል ኖራውን ቀባ፣ ስስ ስስ አድርጎ፣
ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ ቀን እየሰጠ።
ገንዘቤ አለቀና የጓሮው ግድግዳ ቀረ፤
እስካሁን ሲሚንቶውን እንደለበሰ፣
ሐምሌ ሐምሌ ያልበዋል።
አይ መፍቱሃ መዳፏን ለጥፋ «ይኼኛው ተነፈሰ» አለች፤
የጓሮውን አላየችም፣
ወይም አይታ ዝም አለች።

ትናንት በአዲሱ ንድፍ ላይ
የምዕራቡን መስታወት ከግማሽ በላይ ሰረዝኩ፤
በኅዳጉ፣ በእርሳስ፣ የግንቡን ውፍረት ጻፍኩ።
አለቃዬ መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣
«ክንድ ከስንዝር?» አለ። «ይሄ ደግሞ የምን መለኪያ ነው?»
እጄን ዘረጋሁለት።